እስከ በረካው ቆዩ እንጂ

የደሴ ሰዎች፣ የኮምቦልቻም ጭምር፣ ዛሬ የምቆጣው በእናንተ ነው። እኔም ከጥፋቱ የጸዳሁ አይደለሁም።

አቦል ጠጥቶ ብድግ የሚል እንግዳ ቢያጋጥመን «ምን አስቀየምንህ?» ብለን እጁን ይዘን የምናስቀምጥ ነን። ቶናው ሳይቀዳ፣ በረካው ሳይደርስ መነሣት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አልበም ስናዳምጥ ግን አቦሉን እንኳ አንጨርስም፤ ማሲንቆው መግቢያውን ሳይጠግብ ጣታችን ወደ ሌላ ዘፈን ይሮጣል። ባለፈው ሳምንት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሾፌራችን ሐረጎን እስክንጨርስ አንድ ዘፈን እንኳ እስከ መጨረሻው አላሰማንም። ተሳፋሪው ዝም፣ እኔም ዝም።

ባቲና አምባሰል ከእኛው አገር ስም የወጡ ቅኝቶች ናቸው እያልን ደረት መንፋቱንስ እናውቅበታለን። እስኪ ፍላሻችሁን ሰክታችሁ እዩት! የእኔን ከፍቼ አፈርኩ፤ «ትራክ 07»፣ «ትራክ 07 ቅጂ»፣ «አዲስ ምርጥ»። ግጥሙ የማን ነው? ክራሩን ማን ደረደረው? በካሴቱ ሽፋን ውስጥ የታጠፈችው ወረቀት ይህን ሁሉ ትነግረን ነበር።

ሰሞኑን ደጋግሜ የማዳምጠው ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የቀዱትን አልበም ነው። አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የማሽን ከበሮ፤ አምባሰልም አለበት። አኮርዲዮኑ አምባሰልን ሲተነፍስ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ጆሮ እንግዳም ዘመድም ነው። ኃይሉ በኋላ እዚያው ታክሲ ሲነዱ ኖሩ። አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘና ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አልበሙ እንደገና ታተመ፣ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። ሽፋኑ ላይ ስማቸው ባይኖር ኖሮ ማንን ብሎ ይፈልግ ነበር? «ትራክ 07»ን?

ዘፈንን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በቡና ዋጋ አምስት መቶ ዘፈን ማስጫን ይብቃችሁ። አንድ አልበም ግዙ፤ ስልኩን አስቀምጡና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ባለሙያው በደረደረው ቅደም ተከተል ስሙት።

እኔ ትናንት ማታ ለአሥራ አንድ ዘፈኖች ስማቸውን መለስኩላቸው። «ትራክ 07» ግን እምቢ አለኝ። ቅኝቱ ባቲ ነው፤ የምትዘፍነው ሴት ናት። የምታውቋት ካላችሁ ስሟን ንገሩኝ።