አሥር ቁጥሩ ደብረ ታቦር ላይ ይሰለፍ ወይስ ይቀመጥ?

የሰፈራችን ቡድን እሁድ ደብረ ታቦር ላይ የመልስ ጨዋታ አለው። እዚህ ባሕር ዳር 2 ለ 1 አሸንፈናል፤ አቻ ከወጣን እናልፋለን። ስለ አሰላለፉ ሁለት ሰዎች ጽፈዋል። አንዱ የቡድኑ የቀድሞ በረኛ ናቸው። ሌላው ሽምብጥ አካባቢ ባጃጅ የሚነዳ፣ ከቡድኑ ተለይቶ የማያውቅ ደጋፊ ነው።

በረኛው፦

ነገሩ ቀላል ነው። አቻ ይበቃናል። አምስት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ከፊት አንድ። አሥር ቁጥሩ ይቀመጥ።

ልጁ ኳስ ይችላል፤ አልካድኩም። እኛ ሜዳ ላይ አብዶ ሲሠራ እኔም አጨበጭባለሁ። ኳስ ሲነጠቅ ግን ወገቡን ይዞ ይቆማል። የግራ ተከላካያችን ብቻውን ሁለት ሰው ይጠብቃል። ባለፈው የገባብን ጎል በዚያ በኩል ነው የመጣው።

ደግሞ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ሐይቅ ዳር ያደጉት ልጆቻችን ከእረፍት በኋላ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚጫወቱት። ምን አቅም ኖሮን ነው አጥቅተን የምንመለሰው? ሰብሰብ ብለን እንጠብቅ። ጎል ካልገባብን አንሸነፍም።

ባለባጃጁ፦

«ጎል ካልገባብን አንሸነፍም።» ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን! ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት በር ላይ ቆሙ? ዛሬ ጠዋት ለአንድ ተሳፋሪ ብነግረው «ካልዘነበም አንረጥብም» አለኝ።

የከፍታው ነገር ልክ ነው። ግን ከእርስዎ ሐሳብ ጋር አይሄድም። ብዙ የሚሮጠው ኳስ የሌለው ቡድን ነው። አምስትና አራት ሆነን ተደርድረን ኳሱን ከለቀቅንላቸው፣ 90 ደቂቃ ሙሉ ስናባርራቸው ልንውል ነው። አየር በሳሳበት ቦታ የሚያሳርፍህ ኳስ መያዝ ነው። ማን ይያዝልን? በረኛችን እየጠለዘ ይገላግለናል እንዳይሉኝ። በሳሳ አየር ኳስ ከለመድነው አልፋ ነው የምትሄደው። እኛ ስንጠልዝ የነሱ በረኛ ቆሞ ይቀበላል።

እዚሁ ስታዲየማችን ያየነውንስ ረሱት? ኅዳር 2012 ኮትዲቯር ገና ሳንቀመጥ አገባችብን። ብሔራዊ ቡድናችን ወደ ኋላ ተሰበሰበ? ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ አገቡና 2 ለ 1 አሸነፍን። መጋቢት 2013 ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0። እንዲህ ነው ኳስ።

በረኛው፦

ስንት ዓመት ቆሙ ብለሃል። አሥራ አንድ ዓመት። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት እስከ ዛሬ አትታጠፍም። በባጃጅ የተገኘች አይደለችም።

አሁን ወደ ብሔራዊ ቡድንህ። ሁለቱም ጨዋታ የት ነበር? ባሕር ዳር። እኛ የምንከራከረው ስለ የት ነው? ደብረ ታቦር። ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ባሸነፍን በስድስተኛው ቀን አቢጃን ላይ ምን ሆንን? 3 ለ 1 ተመራን፤ 80ኛው ደቂቃ ገደማ ዳኛው ራሱን ስቶ ወደቀና ጨዋታው በዚያው ቀረ። ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍነው በአብዶ አይደለም። ማዳጋስካርና ኒጀር 0 ለ 0 ስለተለያዩልን ነው። እሁድ ደብረ ታቦር ላይ ማን ነው 0 ለ 0 የሚወጣልን?

ባለባጃጁ፦

እንዴ፣ እርስዎ ነዎታ! እቅድዎ ይኸው አይደል? ጎል ካልገባብን አንሸነፍም፣ ካላገባን አናሸንፍም፣ ኳስ ካልነካን አንደክምም። ልጆቹ ለምን ይሄዳሉ? ማሊያውን ብቻ በመኪና እንላከው።

አቢጃን ሩቅ ነው፤ ይቆየን። እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን፣ በዚያው ቀን ልንጫወት ነው ተብሏል። እስከ ወረታ ሜዳ ነው፤ ልጆቹ ይተኛሉ። ከወረታ በኋላ ያለውን ዳገትና ጥምዝምዝ ግን ሹፌር ይጠየቅ። ባለፈው ሁለቱ አስታውከው ነው የገቡ። ትንፋሽ ትንፋሽ የሚሉት ጋሼ ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፉም። ቅዳሜ እንሂድ፤ እንደር።

በረኛው፦

አንድ ሌሊት ማደር ደም አይቀይርም። ሰውነት ከፍታ ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ለሃያ ሰው አልጋና ራት ማን ይከፍላል? በዚያ ላይ የደብረ ታቦርን ቁር የምታውቀው አልመሰለኝም። በባሕር ዳር ቲሸርት ወጥተው ሲያመሹ ልታያቸው ነው?

ይልቅ ያልጻፍከውን አንድ ነገር እኔ ልጻፍልህ። አንባቢ ይህ ሁሉ ክርክር ስለ ከፍታ ይመስለዋል። አሥር ቁጥሩ የማን ታናሽ ወንድም ነው?

ባለባጃጁ፦

በመጨረሻ ወደዚህ መጡ። ደህና።

ሦስት ዓመት ሙሉ ኳስ፣ መረብ፣ ውኃ ጭኜ ከሜዳ ሜዳ ሳመላልስ ማንም ወንድምነቴን አልጠየቀኝም። ነዳጅ የሞላው ማን እንደሆነም አልተጠየቀም። ዛሬ በአደባባይ ወንድሙን ሊያሰልፍ ነው ተባልኩ። እሺ።

የግራ ተከላካዩ የክርስትና ልጅዎ መሆኑን ግን እኔ አንስቼ አላውቅም። ጎሉ በዚያ በኩል ነው የመጣው ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። በማን በኩል እንደሆነ ሜዳ የነበረ ሁሉ አይቷል። ኳሷ ስታልፈው ማሊያውን እየከተተ ነበር። ጥፋተኛ ግን ወገቡን የያዘው ልጅ ሆነ።

በረኛው፦

ማሊያውን እየከተተ አልነበረም። ለመስመር ዳኛው እጁን እያወጣ ነበር። ከጨዋታ ውጪ (ኦፍሳይድ) መስሎት ነው። ያም ቢሆን ትክክል ነው አላልኩም።

አሰላለፉን የሚያወጣው አሠልጣኙ ነው፤ እኔም አንተም አይደለንም። ይህን መጀመሪያ ብንጽፈው ይሻል ነበር። እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ከቀየርኩ የምቀይረው ትንሽ ነው። ለመጨረሻው ሃያ ደቂቃ፣ እነሱ ጎል ፍለጋ ሲወጡና ጀርባቸው ሲከፈት፣ ልጁ ይግባ። ደክሞት ወገቡን ለመያዝም ጊዜ አይኖረውም።

ቅዳሜ መሄዱንም ለኮሚቴው እነግራለሁ። ለትንፋሽ ሳይሆን ለማስታወኩ። እዚያ ዘመድ አለኝ፤ ስድስት ሰባቱን ያሳድራል።

ሌላም አለ። ሐሙስ ልምምድ ላይ የልጁን ታኬታ አየሁት። ከሥር ተልጧል። እዚያ ሜዳው ረጥቦ ከጠበቀው ይንሸራተታል። ቤት አንድ አዲስ አለኝ፤ የተገዛልኝ ኳስ ካቆምኩ በኋላ ነው። ተጠባባቂም ቢሆን ታኬታ ያስፈልገዋል። 42 ቁጥር ነው።

ባለባጃጁ፦

እግሩ 40 ነው። ካልሲ ሁለት ይደርባል።