አማካዩን ልልበሰው?

«የአዲስ አበባ አየር እኮ ለዘብ ያለ ነው» የሚሉኝን ሰዎች በመጋቢት ቀትር ላይ አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ማቆም ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በሞቃቱ ወር እንኳ የተለመደው የቀትር ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ 30 ሲጠጋ ለጅቡቲ ሰው ቀልድ ነው፤ እኛ ግን ማራገቢያ ሳይኖረን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንቀቀላለን። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ልከፍት ስል ደግሞ አንዱ፣ «ወንድሜ ዝጋው፣ ብርድ ይመታኛል!» ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ!

ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ እሱን በጋቢ እንችለዋለን።

ክረምቱ ነው የሚያናድደኝ። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ መዝነቡ የታወቀ ነው፤ ግማሽ ያህሉም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ታዲያ የሚታወቅ ነገር በየዓመቱ እንዴት ድንገተኛ ይሆናል? የሳምንቱን በአንድ ሰዓት ሲያወርደው፣ ቱቦው በባዶ ሃይላንድና በፌስታል ተደፍኖ፣ የፒያሳ ቁልቁለት ወንዝ ይሆናል። ማታ ዜናው «ከአማካይ በላይ ዝናብ» ይላል። አማካይ ጫማ ያደርቃል እንዴ?