ከመፈረማችን በፊት ይነበብልን

ስለ ወላጆች ስብሰባ የተጻፈውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጸሐፊው "ወላጆች በትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ጨዋነት አጡ" ያሉት እውነት ነው። እኛም ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ መምህራን ሲዘለፉ አይቻለሁ። ባለፈው አንዲት መምህርት ስለ ልጆቹ ንባብ ልታስረዳ ስትነሳ "እሱን ተይውና ስለ ክፍያው ንገሪን!" ብለው አስቀመጧት። በጣም ነው ያዘንኩት። ክፍያውን የምትወስነው እሷ አይደለችም።

ቁጣው ግን ከመሬት ተነስቶ አልመጣም። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ከመጨመሩ በፊት ከወላጅ ጋር መወያየት አለበት። እኛ ጋ ስብሰባው ላይ ለመገኘታችን በር ላይ የፈረምንበት ወረቀት "ወላጆች ተስማምተዋል" ተብሎ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያያዘ። እንዲህ የተደረገ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ እንዴት ረጋ ብሎ ይናገር?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እኮ ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች ትምህርት ቤቱን በሚመራው ቦርድ ወይም ኮሚቴ ውስጥ እንዲገቡ ይል ነበር።

ሰብሳቢዎች፣ እባካችሁ ማይኩን ለጮኸ ሁሉ አትስጡ። ልጅ አዝለው፣ እጃቸውን አውጥተው፣ ዕድል ሳያገኙ የሚሄዱ እናቶች አሉ። አጀንዳውን ቀደም ብላችሁ በቴሌግራም ላኩልን። ቃለ ጉባኤውም እዚያው ስብሰባው ላይ ይነበብ፤ የምንፈርመው ከዚያ በኋላ ነው።