ውዳሴ ፊርማ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ተማሪ በሚበዛበት ዋርድ ብቅ ብትሉ አንዲት ነርስ ተከብባ ታገኛላችሁ። አንዱ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ጠረጴዛ አድርጓል፤ በጀርባው ላይ የጓደኛው ሎግቡክ ተዘርግቷል፤ ከኋላ ሌሎች ስድስት ሎግቡኮች ወረፋ ይዘዋል። ነርሷ የመድኃኒት ሰዓት አልፎባታል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ የአልጋ ቁጥር አራት አስታማሚ «ሲስተር! ሲስተር!» ይላል። እሷ ትፈርማለች። ገጹን ማንበብ የጀማሪ ነገር ስለሆነ አታነብም። ያቺ ነርስ ለረጅም ዓመታት እኔ ነበርኩ። ይህን ጥበብ ሳላወድስ ጡረታ ብወጣ ሕሊናዬ አይለቀኝም።

ሎግቡክን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። የነርስ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በሕመምተኛ ላይ ሊሠራቸው የሚገቡ ተግባራት የተዘረዘሩበት ደብተር ነው፤ መርፌ መውጋት ይህን ያህል ጊዜ፣ ቁስል ማጽዳት ይህን ያህል ጊዜ፣ ካኑላ (በደም ሥር የምትገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት ይህን ያህል ጊዜ እያለ ይቀጥላል። በየመስመሩ ሦስት ሣጥኖች አሉ፦ «ተመለከትኩ»፣ «ረዳሁ»፣ «በራሴ ሠራሁ»። ከዚያ የፊርማ ዓምድ ይከተላል። ደብተሩን ያዘጋጁት ቅን ሰዎች ተማሪው መጀመሪያ ያያል፣ ሲለምድ ያግዛል፣ እጁ ሲጸና አጠገቡ ቆመንለት ይሠራል ብለው አስበው ነበር። ይህ ወራት የሚፈጅ፣ ትዕግሥት የሚጨርስ መንገድ ነው። ፊርማ ሦስቱንም በአንድ የእስክሪብቶ ጭረት ትሻገራለች። በመጀመሪያው ሳምንት «ተመለከትኩ» የነበረው፣ በመጨረሻው ሳምንት ማንንም ሳያስቸግር «በራሴ ሠራሁ» ሆኖ ያድራል። የሦስት ወር ሥራ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ምሽት የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ሲቀርብልኝ የቀለሙን ወጥነት እያደነቅሁ ፈርሜአለሁ።

ከሁሉ በላይ የምደነቅባት ግን በማባዛት ችሎታዋ ነው። አንድ ቀን ሽንት የከለከላቸው አንድ አዛውንት መጡ፤ ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ሊገባላቸው ነው። ወሬው በኮሪደሩ ከእሳት ፈጥኖ ደረሰ፤ የካቴተር መስመር ያልተሞላለት ሁሉ ጓንቱን እያጠለቀ ገባ። ሰባት ተማሪዎች አልጋውን ከበቡ። አንደኛው አስገባ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እጄን በእጁ ላይ አድርጌ። ሁለተኛዋ መብራት ያዘች። የቀሩት አምስቱ ያዩት ከፊታቸው የቆመውን ሰው ማጅራት ነው። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው ቆዩና «ልጆቼ፣ ሐኪሙ የትኛችሁ ነው?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። መጋረጃውን መሳብም ተረስቶ ኖሮ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ስምንተኛ ሆኖ ተከታትሎልናል። ማምሻውን ሰባት ሎግቡኮች መጡልኝ፤ በሰባቱም ላይ «ካቴተር ማስገባት፣ በራሴ ሠራሁ» ይላል። ሰባቱንም ፈረምኩ። በወረቀት እንደሆነ አዛውንቱ በዚያ ቀን ሰባት ጊዜ ካቴተር ገብቶላቸዋል፤ ምስኪኑ ግን የሚያስታውሱት አንዱን ብቻ ነው።

ፊርማችን ዘርና ትውልድ የሌላት እንዳትመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደኑ የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በነርስነት ፈር ቀዳጇ በፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም የተሰበሰበ ገንዘብ የነርሶች ማሠልጠኛ ሲያስከፍት፣ ሠልጣኞቹ በየወሩ የሚመዘኑበት ቅጽም አብሮ ተዘጋጀ፤ ሰዓት ማክበር፣ እርጋታ፣ ታማኝነት፣ ንጽሕና እያለ የሚዘልቅ ቅጽ። ናይቲንጌል የቁጥር ሰው ነበረች፤ በክራይሚያ ጦርነት ወታደሩን ከጥይት ይልቅ በሽታ እንደጨረሰው በሥዕላዊ ሰንጠረዥ ያሳየችው እሷ ናት። እንዲህ ያለች ብልህ ሴት አንድ ነገር መሳቷ ይገርመኛል፦ ቅጹን የሚሞላ ሰው ሠልጣኟን በዓይኑ አይቷታል ብላ ታስብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰዓትም ተጨመረ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣውና በኋላም ባሻሻለው መመሪያ መሠረት የአጠቃላይ ነርስ ሥልጠና ከ4,600 ሰዓት ማነስ የለበትም፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ የተግባር ልምምድ መሆን አለበት። 2,300 ሰዓት ማለት በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 287 ቀን ተኩል ነው። መመሪያው አላበቃም፤ ተማሪው የሚማረው ከጤነኛ ወይም ከታመመ ሰው ጋር በቀጥታ እየተገናኘ ነው ይላል። እኛም ዋርድ ውስጥ ይህንን ቃል በቃል እንፈጽማለን። ተማሪው የደም ናሙና ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ሲወርድ በአሳንሰሩ ውስጥ ከጤነኛ ሰው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አንሶላ ለማምጣት ሲሄድ ከመጋዘን ጠባቂው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የጠፋውን የደም ግፊት መለኪያ ፍለጋ ሦስት ዋርድ ሲዞር ስንት ሰው ጋር እንደሚገናኝ አስቡት! ሰዓት ቆጣሪው ደግ ነው፤ «ስምንት ሰዓት ነበርክ?» ይላል እንጂ «ምን ስትሠራ?» ብሎ ሰው አያሳፍርም። በእርግጥ ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ለሚሠሩት ሥራ ክፍያ እንኳ እንደሌለ ያጉረመርማሉ። ልምምድ ነዋ! አሳንሰር መጠበቅን የመሰለ ልምምድ ከየት ይገኛል?

ወደ ዋርድ ከመግባቱ በፊት ስላለው ወረቀት ብዙ አልልም፤ እሱን የፈለሰፉት የራሳቸው አወዳሽ ይፈልጉ። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። የቲቢ የቆዳ ምርመራ፤ ተወግቶ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልታየ እንደገና። የልብና የሳንባ ማነቃቂያ ምስክር ወረቀት፤ ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን የሚችል ለመሆኑ። ሁሉም ተገቢ ነው፣ እውነቴን ነው። አንድ ተማሪ ሦስተኛ ክትባቱ በአሥር ቀን ስለዘገየ በር ላይ ሲመለስ አይቻለሁ። ሕጉን ያሟሉት ጓደኞቹ ግን ገቡ፤ ከገቡ በኋላ ማን እንደሚቀበላቸው የሚናገር ወረቀት ስላልነበረ እስከ ምሳ ሰዓት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

ዋርዱ ሲጣበብ ደግሞ አሻንጉሊቱ፣ ተማሪ በሕመምተኛ ፈንታ የሚለማመድበት የሰው አምሳያ፣ አለ። በአሜሪካ የነርስ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት በአሥር የነርስ ትምህርት ፕሮግራሞች ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት፣ ከተግባር ልምምዱ እስከ ግማሽ ድረስ በማስመሰያ ልምምድ ቢተካ በተመራቂዎቹ ዕውቀትና ብቃት ላይ ጉልህ ልዩነት እንዳልታየ አሳይቷል። ጥናቱ አንድ ነገር አክሎ ነበር፤ መምህራኑ ለዚሁ የሠለጠኑ፣ መሣሪያው የተሟላ፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም ምን እንደተሠራና ምን እንደተሳሳተ ቁጭ ተብሎ በደንብ የሚወያዩበት ጊዜ ያለ ከሆነ ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ረጅም ስለሆነ ብዙዎቻችን «ግማሽ» የምትለዋ ላይ ስንደርስ ንባቡን አቁመናል። እኔ የማውቀው አሻንጉሊት ክንዱ በመርፌ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል፤ ካኑላው የሚገባው በጥበብ ሳይሆን ከቀድሞው ቀዳዳዎች በአንዱ ነው። አያለቅስም፣ «የትኛችሁ ናችሁ ሐኪሙ?» አይልም፣ መጋረጃ አይጠይቅም። ተማሪዎቼ ከእሱ ሲለዩ ሰላምታ ሳይሰጡ ነው፤ ወደ ዋርድ ሲመጡም ይኸው ጸባይ አብሯቸው ይመጣል።

አሁን ወደምወዳት ቁጥር ልግባ። ሃያ።

ቫይታል ሳይን (የሕይወት ምልክቶች) ሲለካ ሙቀቱን ቴርሞሜትር ይናገራል፣ ግፊቱንና የልብ ምቱን ማሽኑ ይናገራል። እስትንፋስን ግን ሰው ራሱ መቁጠር አለበት፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ ዓይንን ደረት ላይ አድርጎ። ሕመምተኛው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚለውጥ፣ ብልህ ነርስ የልብ ምት የምትቆጥር መስላ አንጓውን እንደያዘች ደረቱን ታያለች። የአዋቂ ሰው ጤናማ እስትንፋስ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። የአንድ ሰው ሁኔታ እየከፋ ሲሄድ ቀድመው ከሚናገሩት ምልክቶች አንዱ ይኸው ቁጥር መሆኑን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል፤ ለፈተና።

ዋርዳችን 28 አልጋ አለው። ለየአንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢሰጥ 28 ደቂቃ ይፈጃል። «20» ብሎ መጻፍ ግን ለአንዱ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በዋርዳችን ሁሉም ሰው ሃያ ጊዜ ይተነፍሳል። ሽማግሌውም ሃያ፣ ወጣቷም ሃያ፣ አስም ያለበትም ሃያ፤ አንዴ እንዲያውም ለራጅ ወርዶ አልጋው ባዶ የነበረ ሰው በሌለበት ሃያ ጊዜ ተንፍሷል። እንዲህ ያለ እኩልነት የትም አላየሁም። ተማሪዎቹም ከእኛ ይማራሉ፤ የእስትንፋስ መስመር በሎግቡኩ ሠላሳ ጊዜ ይጠይቃል፣ እነሱም ሠላሳውን በአንድ ጠዋት ይጨርሱታል።

ይህን ሥርዓት ያወከች አንዲት ተማሪ ነበረች። ዝምተኛ ናት፤ ሎግቡኳ የክፍሉ ሁሉ ባዶ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከቀዶ ሕክምና የወጡ አንዲት እናት አልጋ አጠገብ ቆማ አየኋት። አንጓቸውን ይዛለች፣ ዓይኗ ከአንሶላው ከፍ ዝቅ ማለት ላይ ነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጨረሰች፤ ሰዓቷን አየች፤ እንደገና ጀመረች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ሲስተር፣ የአልጋ አሥራ ሁለቷ እናት 28 ነው የሚተነፍሱት።»

«ካርዱ ላይ ስንት ይላል?»

«ሃያ።»

«ታዲያ?»

«ሁለቴ ቆጠርኩ፣ ሲስተር።»

ጠዋት «20» ብሎ የጻፈው እጅ የእኔ መሆኑን ልነግራት አላስፈለገኝም፤ ፊርማዬን ከሎግቡኮች ሁሉ ታውቀዋለች። የካርዱ መስመር ቀጥ ብሎ እንደ ገመድ የተዘረጋ ነበር፤ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። ይህቺ ልጅ መሀሉ ላይ 28 ልትተክልበት ነው። ብቻ ሄጄ አየሁ። እናትየው «ምንም አልሆንኩም» አሉኝ፤ ሁለቱን ቃል ለማለት ግን ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ሰበሰቡ። ሐኪም ተጠራ። ማታውን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛወሩ፤ ከሳምንት በኋላም ወደ እኛ ዋርድ ተመለሱ።

በዚያው ዓርብ ልጅቷ ወረፋ ይዛ ሎግቡኳን ዘረጋችልኝ። ልፈርምላት ፈልጌ ነበር፤ አምላክ ምስክሬ ነው። ገጹን ገለጥኩ፤ መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጽዳት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ካቴተር። የሠራችውን የሚጠራ መስመር ፈልጌ አጣሁ። የእስትንፋስ መስመሯን አየሁ፤ ከሠላሳው የሞላችው አራቱን ብቻ ነው። «ምን ላይ ልፈርምልሽ፣ ልጄ?» አልኳት። እሷም ቆማ አሰበች። ከኋላዋ ያለው ተማሪ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ስለሰጋ በትከሻዋ በላይ ሎግቡኩን አቀበለኝ። «እስትንፋስ መቁጠር፣ በራሴ ሠራሁ፣ 30 ጊዜ» ይላል። ፈረምኩለት።