ከፖቶማክ ዳር እስከ ቀሃ ወንዝ

በየዓመቱ መጋቢት ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር አበሾች ልጆቻችንን ይዘን ወደ ዋሽንግተን እንወርዳለን። የቼሪ አበባ ልናይ ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ጎን ባለው ታይዳል ቤዚን በሚባለው ኩሬ ዙሪያ ዛፎቹ ነጭና ፈዛዛ ሮዝ ለብሰው ይቆማሉ። አበባው ሞልቶ የሚታየው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ነፋስና ዝናብ ከመጣበት ይረግፋል። ስለዚህ ሰው ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ይመጣል።

ዛፎቹ የቶኪዮ ከተማ ስጦታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1910 መጀመሪያ የተላኩት 2,000 ያህል ችግኞች ተባይና በሽታ ተገኝቶባቸው ተቃጠሉ። ቶኪዮ አልተቀየመችም። በ1912 ከ3,000 በላይ ሌላ ላከች።

ከዛፎቹ አንዱ ግንዱ ተቦርቡሮ ያለቀ ነበር። ‹ስተምፒ› የሚል ስም ወጣለት፤ ጉቶ እንደ ማለት ነው። በ2024 የኩሬው ግድግዳ ሊታደስ ሲል መቆረጡ ግድ ሆነ። ያን ጊዜ ሰው ሊሰናበተው ጎረፈ። እኔም ልጄን ይዤ ሄድኩ። ለአንድ ዛፍ ሰው እንዲህ ሲያዝን ማየት ልብ ይነካል።

ባለፈው ጥቅምት ጎንደር አክስቴ ጋ ከረምኩ። የቼሪውን ፎቶ በስልኬ አሳየኋት።

«ፍሬው ይበላል?» አለችኝ።

«አይ እቴቴ፣ ለአበባው ነው የተተከለው።»

«ለማየት ብቻ?»

«አዎ።»

ዝም ብላ ቆየችና «ማየትም እኮ የእግዜር ስጦታ ነው ልጄ» አለች።

ይህን ይዤ ነው ወደ ፋሲል መዋኛ የሄድኩት። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ጎንደርን የምናያት በድንጋይዋ ነው። ግንቡን እንዞራለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ መዋኛው ጋ ስንደርስ ደክሞን ሃያ ደቂቃ አይተን እንወጣለን። እኔም በፊት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ዘንድሮ ግን ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ።

ገንዳው ባዶ ነበር። ውሃ ከቀሃ ወንዝ ተስቦ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ሰው የለም። ወፍ ብቻ። እና እነዚያ ዛፎች! ሥራቸው ከአጥሩ አናት ላይ እንደ ቀለጠ ሰም ወርዶ፣ ድንጋዩን አቅፎ፣ መሬት ገብቷል። ግድግዳው ዛፉን ይያዘው ዛፉ ግድግዳውን አይታወቅም። ጥላው ወፍራም ነው፤ በቀትርም ነጠላ ያስፈልጋል። ዓለምን ዞረው የመጡ ሰዎች ምነው ስለዚህ ጥላ አይነግሩንም?

የዛፉን ስም ሦስት ሰው ጠየቅኩ። አንዱ ዋርካ፣ አንዱ ሾላ፣ አንዱ «የፋሲል ዛፍ» አለኝ። ዋሽንግተን ቢሆን ዛፉ ሥር ስሙ፣ አገሩና ዕድሜው የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ይኖር ነበር። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሰው ስሙን ላወቀው ነገር ይሳሳል።

ጎንደር ያለ ሰሌዳ የጠበቀችው ነገር ግን ትልቅ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዳችሁ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ቀና ብላችሁ ካያችሁ በኋላ ቶሎ አትውጡ። ግቢው ውስጥ ጥዱ ሥር ቁጭ በሉ። ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያዳናት የንብ መንጋ ነው ይባላል። ንብ ደግሞ ዛፍና አበባ ካለበት ነው የሚሰፍረው። ከአውሮፕላን ቁልቁል ሲታይም ደገኛው አገር ገላጣ ነው፤ እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። ብዙው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። አሜሪካ በሕግና በበጀት የሚጠበቀው እዚህ በእግዜር ፍርሃት ይጠበቃል። የሚያሳዝነኝ ከአጥሩ ውጭ ያለው ዛፍ ነው። እሱ ማገዶ ነው። እግዜር ግን ሁለቱንም አበቀለ።

ስሜን ተራሮች ዘንድሮ አልሄድኩም። መግቢያው ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመንገዱ ሰላም ተጠይቆ ነው የሚወጣው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያውን የዓለም ቅርስ ዝርዝር ሲያወጣ ስሜንና የአሜሪካው የሎስቶን ፓርክ አብረው ገቡ። በዓመቱ ደግሞ የፋሲል ግቢና ግራንድ ካንየን አብረው ተመዘገቡ። አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን የሎስቶንን በትምህርት ቤት ይማራሉ። ዋልያንና ጭላዳን፣ ጅባራ የበቀለበትን ገደል ማን ይንገራቸው? እኛው ነን።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አክስቴን ወደ መዋኛው ይዣት ሄድኩ። ጎንደር ተወልዳ ያረጀች ናት። ቦታውን የምታውቀው በጥር 11 ብቻ፣ በሕዝብ ተጨናንቃ፣ ታቦቱን እያየች ነው። ጎበጥ ያለ ሥር ላይ ነጠላዋን አጥፋ ተቀመጠች። ወደ ላይ አንጋጣ ቆየች።

«ይህን ዛፍ ገና ዛሬ አየሁት» አለች። ልንሄድ ስነሳ እጇን አወዛወዘች። «ትንሽ ቆይ፣ ፀሐይዋ ትዘቅዝቅ።»