ላስቲኩ ያልተቀደደ ፒንቦል

የድሮ ጌም ቦይ (በእጅ የሚያዝ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ) ሰብሳቢን ያላደነቀ ማንን ሊያደንቅ ነው? ስልኩ ላይ በነጻ የሚጫወተው ፒንቦል (ኳሷ እንዳትወድቅ በመምቻ እየመለሱ ነጥብ የሚለቅሙበት ጨዋታ) ሞልቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ጃፓን ለገበያ ያወጣቻትን፣ አራት ባትሪ ድንጋይ የምትበላውን ግራጫ ሳጥን ፍለጋ ከጨረታ ጨረታ ይንከራተታል። የእስክሪኗ ነጥቦች 160 በ144፣ ቀለሟ አራት ዓይነት አረንጓዴ። መብራት ስለሌላት ኳሷን ለማየት መስኮት ሥር ተቀምጦ አንገት ማጣመም ግድ ነው። መጫወቻው ሰሌዳ በአንድ እስክሪን አይበቃም፤ ኳሷ ከላይ ስትወርድ ምስሉ ድንገት ይቀየርና ዓይን እስኪለምደው እሷ በሁለቱ መምቻዎች መሃል ሾልካለች። እኛ አላዋቂዎቹ ይህን ጉድለት እንለዋለን። ሰብሳቢው ግን «ለዛ ያለው እሱ ነው!» ይላል።

(ጨዋታው ግን ያዝናናል። ጣጣውም ይኸው ነው፤ የተዝናና ሰው ካርቶን ይቀድዳል።)

የበቁት አባቶች ታዲያ ጭራሽ አይከፍቱትም። በ1999 የወጣውን የፖክሞን ፒንቦል እንውሰድ። ካሴቱ ውስጥ ቀጭን ባትሪ ድንጋይ ይገባና ኳሷ ስትጋጭ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰሪዎቹ ይህን ሁሉ የተጨነቁት ሰው በእጁ እንዲይዘው ነበር። ሞኞች! ሰብሳቢው እንደ ታሸገ በመስታወት ሣጥን ቆልፎበታል።

ኒው ዮርክ ዋናውን፣ በትልቅ ማሽን የሚጫወቱትን ፒንቦል ቁማር ነው ብላ በ1942 ከልክላ ነበር፤ ከንቲባው ላ ጋርዲያ ማሽኖቹን በመዶሻ ሲሰባብሩ ፎቶ ተነስተዋል። እገዳው የተነሳው በ1976 ነው፤ ሮጀር ሻርፕ የሚባል ሰው ምክር ቤቱ ፊት ኳሷን የት እንደሚልካት አስቀድሞ ተናግሮ፣ እንዳለውም ልኮ፣ ነገሩ ችሎታ መሆኑን ካሳየ በኋላ። ምስጋና ለሰብሳቢዎቻችን፣ ቁማሩን መልሰውልናል፤ ያውም ኳሷን ሳይነኩ! ገዝቶ መቆለፍ፣ ዋጋው እስኪሰቀል መጠበቅ። ሲሳካም ይሳካል፤ በ2021 አንድ ያልተከፈተ ሱፐር ማሪዮ 64 የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ካሴት ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል።

ለዚህ ሲባል ለካርቶኑ ማዕዘን ከ10 ነጥብ፣ ለላስቲኩ ጥራት ደግሞ በፊደል ደረጃ የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ። ውስጥ ያለው ካሴት ይሠራ እንደሆነ ግን አይፈተሽም። ለመፈተሽ መክፈት ያስፈልጋላ፤ ከተከፈተ ደግሞ ምኑ ይገዛል?