ዘይቱን ያከፋፈለው ሹፌር

ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ገብቼ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ብዙ ነገር አየሁ፤ ደስ የሚለውም የሚያሳዝነውም ነበረበት። አንድ ነገር ግን አልወጣልኝ ብሎ እንግሊዝ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

የአጎቴ ልጅ ሹፌር ነው። በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ አያ ነው የምለው። ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ድርጅት ስምንት ዓመት ነድቷል። ያው ድርጅት፣ ያው ፒክአፕ፣ ያው የስምሪት ኃላፊ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የበዓል ዘይት ሰጠ። አያ ዘይቱን ጫነና ቤት ለቤት ሊያከፋፍል ወጣ። እኔም ሥራ ስላልነበረኝ ከተማውን ልይ ብዬ ጋቢና ገባሁ።

ግማሽ ቀን ዞርን። በር ይንኳኳል፣ አያ ጀሪካኑን ተሸክሞ ይገባል፣ ይመረቃል፣ ይወጣል። አንዳንዱ ቤት ቡና ጠጡ ብለው ለመኑን። የመጨረሻው ቤት ስንደርስ የመኪናው ኋላ ባዶ ሆነ። «ያንተስ የታለ?» አልኩት።

«የእኔ ስም ሊስቱ ላይ የለም። ሊስቱ የቋሚ ነው። እኔ የኤጀንሲ ነኝ» አለኝ።

የሚሠራው ለድርጅቱ ነው፤ የሚቀጥረውና የሚከፍለው ግን ሠራተኛ የሚያቀርበው ኤጀንሲ ነው ማለት ነው። ዛሬ ዘነበ እንደማለት ነው ያለው። አልተናደደም። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው አለመናደዱ ነው። ስምንት ዓመት የለመደው ነገር ነዋ! ለሃያ ምናምን ሰው ዘይት ያደረሰ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከሱቅ የገዛችውን ዘይት ነው ያገኘው።

እኔም ሹፌር ነኝ፤ እኔም በኤጀንሲ ነው የጀመርኩት። ስለዚህ ነገሩን ከሩቅ ሆኜ አይደለም የምጽፈው።

እንግሊዝ ከባድ መኪና መንዳት የጀመርኩ ሰሞን አንድ ትልቅ መጋዘን መደቡኝ። የመጀመሪያው ቀን ለምሳ ወደ ካንቲን ስገባ በሩ ላይ አንድ ሰው «ኤጀንሲ እዚህ አይገባም፣ መኪናህ ውስጥ ብላ» አለኝ። እሺ ብዬ ልመለስ ስል አንድ ሽማግሌ ቋሚ ሹፌር ከወረፋው ዞር ብሎ «ይገባል። ሕጉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይፈቅድለታል» አለው። ሰውየው ዝም አለ። ገብቼ በላሁ። ሽማግሌው ያለው ሕግ የኤጀንሲ ሠራተኞች ደንብ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ከጥቅምት 1 ቀን 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ። ካንቲኑን፣ የሠራተኛ ማመላለሻውን፣ የሕፃናት ማቆያውን የመሳሰለ ድርጅቱ ለራሱ ሠራተኞች ያዘጋጀው የጋራ አገልግሎት ለኤጀንሲ ሠራተኛም ከመጀመሪያው ቀን ክፍት መሆን አለበት። ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖርም ለቋሚው የተነገረው ለእሱም ይነገረዋል።

ትልቁ ነገር ግን 12ኛው ሳምንት ነው። በአንድ ድርጅት፣ በአንድ የሥራ መደብ 12 ሳምንት ከሠራህ፣ ያንኑ ሥራ እንዲሠራ በቀጥታ ቢቀጥሩት ኖሮ ለዚያ ሰው የሚከፍሉትን መሠረታዊ ክፍያ ለአንተም መክፈል ግድ ነው። የትርፍ ሰዓቱ፣ የሌሊቱ ተጨማሪ፣ የዓመት ፈቃዱም እንደዚያው።

እዚህ ላይ አገር ቤት ያላችሁ ሁሉ በደንብ ስሙኝ። ይህ 12 ሳምንት የሚቆጠረው ከኤጀንሲው ጋር አይደለም። ከሥራ ቦታው ጋር ነው። በመሀል ኤጀንሲህ ቢቀየር፣ የመጀመሪያው ቀርቶ ሌላው ቢረከብህ፣ ቆጠራው አይቋረጥም። ሥራው ያው፣ መጋዘኑ ያው ከሆነ ሳምንቱ ያንተ ነው።

አያ ስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት ኤጀንሲ አይቷል። ድርጅቱ በየጊዜው ጨረታ ያወጣል። አንዱ ያሸንፋል፣ ጊዜው ሲያልቅ ሌላው በአነስተኛ ዋጋ ገብቶ ይወስደዋል። አያ ከመኪናው ሳይወርድ አሠሪው ይቀየራል። አዲሱ ኤጀንሲ አዲስ ውል ያስፈርመዋል፤ ውሉ ላይ የተቀጠረበት ቀን አዲስ ነው። ስምንት ዓመት የነዳ ሰው በወረቀት አዲስ ገቢ ነው። የዓመት ፈቃዱ ከ16 የሥራ ቀን እንደገና ይጀምራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጥና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የአያ ግን ጨምሮ አያውቅም፤ ልትጨምር ስትል ጨረታ ይወጣል። የስንብት ክፍያ የሚባለውም ያው በአገልግሎት ዘመን የሚሰላ ነው። ከሁለቱ ከሄዱት ኤጀንሲዎች አንድ ብር አላገኘም። «ማንን ልጠይቅ? ቢሯቸውን እንኳ አላውቀውም» ነው የሚለኝ።

አዋጁን እዚያው ማርቆስ ሆኜ ማታ ማታ አነበብኩት። ደግ ደግ ነገር አለው። ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ብሎ ይነሳና ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻልበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። ትርፍ ሰዓትን በቁጥር አስቀምጦታል። በቀኑ ክፍለ ጊዜ የመደበኛው ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። ይህ ለቋሚ ብቻ ነው አይልም። እንደ እንግሊዙ 12 ሳምንት ቆጥሮ «ከዚህ በኋላ የኤጀንሲው ሠራተኛ ከድርጅቱ ሠራተኛ እኩል ይከፈለው» የሚል አንቀጽ ግን አላነበብኩበትም። ክፍተቱ እዚያ ላይ ነው።

ስለ አበል ደግሞ ልንገራችሁ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጀን ላይ ቁልቁል ዓባይ በረሃ ትገባለህ፣ ድልድዩን ተሻግረህ ሽቅብ ጎሃ ጽዮን ትወጣለህ። ቋሚው ሹፌር እዚያ መንገድ ሲላክ አድሮ ይመለሳል፤ አበሉ አልጋም ራትም ይችላል። የአያ አበል የዚያ ግማሽ ነው። አልጋ ከተከራየበት ልጆቹ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ስለዚህ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ አዲስ አበባ ይገባል፣ ጉዳዩን ያስፈጽማል፣ በዚያው ቀን ይመለሳል። 600 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ዓባይን ሁለት ጊዜ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ባለበት ይቆማል፤ የቆመበት ቀን አበል የለውም።

እኔ በምነዳው ከባድ መኪና ቢሆን ይህ አይታሰብም። አራት ሰዓት ተኩል ከነዳህ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታ ነው። በቀን የሚነዳው 9 ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 መድረስ ይቻላል። መኪናው ላይ ያለው ታኮግራፍ የሚባል መሣሪያ ደቂቃ በደቂቃ ይመዘግባል። ታኮግራፉ ቋሚ ነህ ኤጀንሲ ነህ ብሎ አይጠይቅም። የማንም ሰው ዓይን እንቅልፍ ሲያሸንፈው ያው ነው። ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የያዘ ሹፌር ዓይኑ እንዳይከደን የሚበቃ አበል የሚከለከልበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። ከኋላ የተቀመጠው ኃላፊ ሕይወትም እኮ በእሱ እጅ ነው!

እንግሊዝ ገነት ነው እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ ተጎድቻለሁ። አንድ ቦታ 11ኛ ሳምንቴን ጨረስኩ። ከቋሚዎቹ ጋር በሰዓት ሦስት ፓውንድ ያህል ልዩነት ነበረን፤ እሑድ ደግሞ ለእነሱ አንድ ተኩል ይታሰባል፣ ለእኔ እንደ አዘቦቱ። አንድ ሳምንት ቀረኝ ብዬ ቀን እቆጥራለሁ። ዓርብ ማታ መልእክት መጣ፤ «ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ቦታ ነህ»። አለቀ። ቆጠራው ሌላ ቦታ ከአንድ ተጀመረ። ከሁለት ወር በኋላ መለሱኝ። በሁለት ምደባ መሀል ከስድስት ሳምንት በላይ ክፍተት ካለ የቆጠርከው ይጠፋል። የጠፋብኝ በዚህ ነው። ሆን ተብሎ 12ቱ እንዳይሞላ ምደባ መቆራረጥ ክልክል መሆኑን፣ የሥራ ክርክር ችሎቱም በዚህ ምክንያት እስከ 5,000 ፓውንድ ተጨማሪ ካሳ ሊፈርድ እንደሚችል ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ጊዜው አልፎ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያም በፊት ሌላ ውል ፈርሜ ነበር። ሥራ በሌለበት ጊዜ ትንሽ ገንዘብ እንከፍልሃለን፣ አንተ ደግሞ እኩል ክፍያ የመጠየቅ መብትህን ትተዋለህ የሚል ውል። አዲስ ስለነበርኩ ሳላነብ ፈረምኩ። ስንት አበሻ እንዲህ ፈርሟል መሰላችሁ! ይህን ዓይነቱን ውል መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 6 ቀን 2020 ጀምሮ አስቀረው። ከዚያው ቀን ጀምሮ ኤጀንሲው ገና ሳያስፈርምህ አንድ ወረቀት ሊሰጥህ ይገደዳል። ማን እንደሚከፍልህ፣ ቢያንስ ስንት እንደሚከፈልህ፣ ምን ምን እንደሚቆረጥ፣ እጅህ ስንት እንደሚገባ በቁጥር የሚያሳይ።

12ቱ ሳምንት ከሞላ በኋላም የማይገኝ ነገር አለ። ድርጅቱ ለራሱ ሰዎች የሚሰጠው የሕመም ጊዜ ክፍያ፣ የተሻለው ጡረታ፣ የቅነሳ ካሳ ለቋሚው ብቻ ነው። «አምብሬላ» የሚባሉት ኩባንያዎች ደግሞ አሉ፤ በኤጀንሲውና በአንተ መሀል ይገቡና አሠሪው ለመንግሥት የሚከፍለውን የማኅበራዊ መድን መዋጮ ሳይቀር ኤጀንሲው ለአንተ ከላከው ገንዘብ ላይ ያነሱታል። ይህ ሁሉ ክፉ ነው። ቢሆንም ስትበደል የምትጠቅሰው ቁጥር አለ። 12 ትላለህ። 45 ደቂቃ ትላለህ። አያ ግን ከቋሚው እኩል ይከፈለኝ ብሎ የሚጠቅሰው ቁጥር የለውም።

ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ ይህ ነው። አያ ድርጅቱ በእሱ ስም ለኤጀንሲው በወር ስንት እንደሚከፍል አያውቅም። ስምንት ዓመት! የሚያውቀው እጁ ላይ የሚደርሰውን ብቻ ነው። የጎጃም ገበሬ እኮ መሬቱን በመጋዞ ሲሰጥ በሬው ሳይጠመድ ድርሻው ይታወቃል። እኩል ነው? ሲሶ ነው? ዘሩን ማን ይችላል? ሽማግሌ ባለበት ይነገራል። ያልተማረ የሚባለው ገበሬ ድርሻውን ሳያውቅ አያርስም። ከተማ ውስጥ ማኅተምና ጠበቃ ያለው ድርጅት ለምን ይደብቃል?

ማርቆስ እያለሁ አንድ የሰው ኃይል ኃላፊ የሆነ የድሮ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። መልሱ አጭር ነው፤ ኤጀንሲ ወጪ ይቀንሳል፣ ራስ ምታትም ይቀንሳል። እውነቱን ነው የነገረኝ፣ አልዋሸም። ወጪው የተቀነሰው ግን ከየት ነው? ከአያ አልጋና ራት ነው። ከልጆቹ ደብተር ነው። እንጂማ ነዳጁ ያው ዋጋ ነው፣ ጎማውም ያው ነው።

ለእኛ በውጭ ለምንኖረውም አንድ ነገር ልበል። አገር ቤት ገብተን የሰው ኃይል አቅራቢ ድርጅት የምንከፍት ሰዎች አለን፤ የማውቃቸውም አሉ። እዚህ 12 ሳምንቱን እየቆጠርን የኖርን ሰዎች ነን። ዓርብ ማታ የሚመጣውን መልእክት የምናውቅ ነን። እዚያ ሄደን የሰው ዕድሜ ከዜሮ የሚያስጀምር ውል ስናስፈርም በጣም ያሳዝናል። ከደመወዙ ባንጨምር እንኳ የተቀጠረበትን ቀን እንዳለ እንጻፍለት። ይህ አንድ ብር አያስወጣም። ለእሱ የተከፈለንን እናሳየው፣ የወሰድነውንም እንንገረው።

ከመመለሴ በፊት ከአያ ጋር ቁጭ ብለን አወራን። ስለ 12ቱ ሳምንት ነገርኩት።

«በእኛ ስንት ወር ነው?» አለኝ።

«ሦስት ወር አይሞላም።»

ዝም አለ። ከዚያ «ብቻ እኔ ለመሥራቴ ማስረጃው ምንድን ነው? ውሉን እንደሆነ አንደኛው ኤጀንሲ ኮፒ እንኳ አልሰጠኝም» አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። የስምሪት ወረቀቶቹን ታስቀምጣለህ ወይ ስለው ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለችና «የት ይጥላቸዋል! ካርቶን ሙሉ ነው። እኔ እኮ ለምድጃ ማቀጣጠያ ላደርጋቸው ነበር» አለች።

ካርቶኑን አወጣችው። በየቀኑ የወጣበት፣ የተመለሰበት፣ የመኪናው ታርጋ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የስምሪት ኃላፊው ፊርማ። የመጀመሪያዎቹ ቢጫ ሆነዋል፣ ጥቂቶቹን አይጥ ነክሷቸዋል። ግን አሉ። መሬት ላይ ዘርግተን በዓመት በዓመት መደርደር ጀመርን። የሁለተኛውን ዓመት ሳንጨርስ መሸ፤ አያ ሌሊት 10 ሰዓት አዲስ አበባ ስምሪት ነበረበትና ተኛ። የቀረውን እኔና ሚስቱ በሻማ ጨረስነው፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። አሁን ካርቶኑ ከቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ስደውል ሦስቱንም ውል ፍለጋ መጀመሩን ነገረኝ። ሁለተኛውን አግኝቷል።